ድሬ ቲቪ የኢቲቪ ቅርንጫፍ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ጣቢያ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች፣ አንድ ነገር ላጣራ ነበር። ወንድሜ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የሚኖረው፣ በቪዲዮ ስናወራ ከኋላው ቲቪ በርቶ አየሁና ምን እያየህ ነው ስለው «ቻናል 7፣ ኤቢሲ» አለኝ፣ ግን ዜናው ስለነሱ ከተማ መንገድና ዝናብ ምናምን ነበር። ኤቢሲ የመላው አሜሪካ አይደል እንዴ? ከዛ የኛዎቹን ማሰብ ጀመርኩ፣ ድሬ ቲቪና ሐረሪ ቲቪ ከኢቲቪ ጋር እንደዛ የተያያዙ ናቸው? ለምንድነው የማታ 2 ሰዓቱን ዜና ከኢቲቪ የማይቀበሉት? ደሞ እናቴ ዜና በኦሮምኛ ነው የምትፈልገው፣ ተከራያችን በሶማሊኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ቲቪው ግን አንድ ነው፣ መላ ካላችሁ ጀባ በሉኝ።

ሸዋ በር፦
እዛ አሜሪካ ኔትወርክ፣ ማለትም እንደ ኤቢሲ ፕሮግራም ለብዙ ጣቢያዎች የሚያከፋፍለው ድርጅት፣ እና የየከተማው ጣቢያ የተለያዩ ናቸው። ፈቃድ የሚሰጠው ለየጣቢያው ነው እንጂ ለኔትወርኩ አይደለም። ወንድምህ የሚያየው ቻናል 7 ባለቤቱ ሲንክሌር የሚባል ሌላ ድርጅት ነው፣ ከኤቢሲ ጋር ግን ውል አለው፣ በውሉ የማታውን ዋና ፕሮግራምና አገር አቀፉን ዜና ከኤቢሲ ይቀበላል፣ የቀረውን ሰዓት ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ በነሱ ምሽት 12 ሰዓት ላይ የከተማቸው ዜና፣ 12 ተኩል ላይ የኤቢሲ ዜና ይመጣል፣ ቻናሉ ሳይቀየር ማለት ነው። እዛው ከተማ ቻናል 9 ሲቢኤስን የሚያሳየው በውል ነው፣ ቻናል 4 ግን የኤንቢሲ የራሱ ንብረት ነው።

እኛ ጋ ይሄ የለም። ድሬ ቲቪ ከድሬ ኤፍኤም 106.1 ጋር የአስተዳደሩ ሚዲያ ነው፣ ሐረሪ ቲቪም የክልሉ ነው። ኢቲቪ ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ እነዚህ ደግሞ ለየራሳቸው ምክር ቤት፣ ስለዚህ አንዱ የሌላው ቅርንጫፍ አይደለም። ድሮ ኢቲቪ ብቻውን እያለ ክልሎች ከሱ የአየር ሰዓት ይወስዱ ነበር፣ ብዙ ሰው እስካሁን ቅርንጫፍ የሚመስለው ከዛ የተነሳ ይመስለኛል። ኔትወርክ የሚመስል ነገር ከፈለግክ ፋና ኤፍኤምን ስማ፣ የየከተማው ጣቢያ የራሱ ሰዓት አለው፣ የአገር አቀፉ ዜና ሰዓት ሲደርስ ወደ አዲስ አበባ ይገባል።

ዲሽ ሰሪው፦
ለእናትህ የኦሮሚያው ኦቢኤን፣ ለተከራያችሁ ከጅግጅጋ የሚተላለፈው የሶማሌ ክልል ቲቪ አለ። የኢቲቪ ቋንቋዎች ቻናልም አለ። ዲሽህ ኢትዮሳት ላይ ካልሆነ አስቀይረው፣ 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ነው ያለው፣ ድሬ ላይ ሆነህ ስታየው ዲሹ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው፣ ትንሽ ብቻ ወደ ምስራቅ ያዘነብላል። የናይልሳቱ ግን ዝቅ ብሎ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ጣራህ ላይ ወጥተህ ማየት ብቻ ይበቃሃል፣ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ የተኛ ከሆነ ገና የድሮው ነው ማለት ነው።

ከዚራ፦
ዲሽ ሰሪው ያለው ልክ ነው ግን አቦ ኦቢኤንም ሆነ ጅግጅጋ የኛን ከተማ ዜና በየቀኑ አይነግሩህም። ድሬ ቲቪ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ መስራቱ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የ1998ቱን ጎርፍ የደረሰበት ሰው ይገባዋል፣ የደቻቱ ወንዝ እኮ የሚሞላው ድሬ ላይ ስለዘነበ ብቻ አይደለም፣ ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ እዚህ ጠብ ሳይል ደረቁ አሸዋ ላይ ውሃው በሌሊት ይመጣል፣ ያኔ ስንት ሰው ነው በተኛበት የተወሰደው። እንደዛ አይነት ማስጠንቀቂያ አንዱ ቋንቋ ተራው እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም፣ ወዲያው በሦስቱም መነገር አለበት፣ ጽሁፉም ከስር ማለፍ አለበት። በአዘቦቱ ቀን ግን የየትኛው ቋንቋ ዜና ስንት ሰዓት እንደሆነ ማታ ማታ ስክሪን ላይ ቢወጣ ሰው ቤቱን በሱ ያስተካክላል፣ እንዳንተ አይነት ግቢ ድሬ ውስጥ ሞልቷል።

የሳቢያን ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁም። ዲሹን አየሁት፣ ወደ ምዕራብ ነው የተኛው። @ዲሽ ሰሪው የድሮውን ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለችውን ሲግናል መቀበያ) ራሱን መጠቀም ይቻላል ወይስ አዲስ ልግዛ?

ዲሽ ሰሪው፦
ካልተበላሸ ይሰራል። ዲሹን ብቻ አዙረህ ሪሲቨሩን እንደገና ሰርች አድርገው፣ ጠዋት ፀሀይ ሳትበረታ ውጣ።