«ደቀ መዝሙር» ከየት መጣ? «ክርስትናን መኖር»ስ አማርኛ ነው?

ብዕር፦

ሰላም ለሁላችሁም። ለአዲስ አማኞች የሚሰጥ የስድስት ሳምንት ትምህርት እየተዘጋጀ ነው። የቀረበው ርዕስ «ደቀ መዝሙርነትን በዕለት ተዕለት ሕይወት መኖር» የሚል ነው፤ ለጆሮ ግን አልጣመኝም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። «ደቀ መዝሙር» ጥሬ ትርጉሙ ምንድን ነው? «ኖረ» የሚለው ግስስ «ክርስትናን ኖረ» እየተባለ ተሳቢ መያዝ ይችላል?

ብራና፦

ከሁለተኛው ልነሣ። «ኖረ» ተሳቢ አይወድም። «መቶ ዓመት ኖረ» ስንል የጊዜ መጠን መናገራችን ነው፤ «የመከራ ኑሮ ኖረ» ስንል ደግሞ ግሱ የራሱን ስም ነው የያዘው። «ክርስትናን መኖር» ከስብከት ቋንቋ የመጣ አዲስ አነጋገር ነው፤ ተለምዷልና ስሕተት ነው ብዬ አልሟገትም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፤ ድርጊቱን ይሸፍናል። «ክርስትናን እንኑር» የተባለ ሰው ራሱን ነቅንቆ ይወጣል፣ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ግን አልተነገረውም። «እንደ ክርስቲያን መኖር» ቢባል ቢያንስ «እንዴት?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

ወደ መጀመሪያው ስንመጣ ቃሉ ግዕዝ ነው። ደቅ ልጅ ማለት ነው፤ ሲናበብ (ከሌላ ስም ጋር ሲያያዝ) ደቀ ይላል። ስለዚህ ቃል በቃል «የመዝሙር ልጅ» ነው። ግዕዝ ለዚሁ ሰው ሌላም ስም አለው፦ ረድእ፣ ሲበዛ አርድእት፤ ረድአ (ረዳ) ከሚለው ግስ የወጣ ነው። አንዱ ስም ትምህርቱን ያሳያል፣ ሌላው ከመምህሩ ጋር ተሰልፎ መርዳቱን። የግሪኩ ማቴቴስ «ተማሪ» ነው። በሐዲስ ኪዳን ከ260 ጊዜ በላይ ይገኛል፤ ሁሉም በአራቱ ወንጌላትና በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ነው። «ክርስቲያን» የሚለው ስም ግን በሐዲስ ኪዳን 3 ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው። የሐዋርያት ሥራ 11፥26ን ልብ በሉ፦ «ደቀ መዛሙርትም መጀመሪያ በአንጾኪያ ክርስቲያን ተባሉ»። ተማሪነቱ ቀድሞ ነበር፤ ስሙ ኋላ ተሰጣቸው።

መቃ፦

ወንድሜ ብራና ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን እጅግ የሚደንቀኝ እሱ ነው። ደቀ መዝሙር በዕብራይስጥ «ተልሚድ» ይባላል። ሥሩ ለ-መ-ደ ነው። የእኛው «ለመደ»! ልምድ፣ ልምምድ፣ ለማጅ ሁሉ የዚያ ሥር ዘመዶች ናቸው። ዕብራይስጡ ወደ «ተማረ» ሲያደላ የእኛው «እስኪዋሐደው ድረስ ደጋገመ» ወደሚለው አድልቷል። በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ተልሚድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፦ 1ኛ ዜና መዋዕል 25፥8። ምዕራፉ ስለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስለ ቤተ መቅደስ መዘምራን ነው፤ 288 ሰዎች፣ በ24 ክፍል፣ አስተማሪውም ተማሪውም እኩል ዕጣ ይጣጣላሉ። የግዕዙ «የመዝሙር ልጅ» ከዚያ መጣ አልልም። ግን ዜማ ተነግሮ አይታወቅም፤ ከሚያውቅ ጋር አብሮ እየጮኹ፣ እየተሳሳቱ፣ እየታረሙ ነው የሚለመደው።

ማቴዎስ 11፥29ም እዚሁ ይገባል፦ «ቀንበሬን በላያችሁ ተሸከሙ ከእኔም ተማሩ»። ቀንበር ለአንድ በሬ አይሠራም። ወይፈን የሚገራው ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው፤ ማነቆው አንገቱን ግራና ቀኝ ይዞታል፣ እርምጃውን ከጎኑ ካለው ጋር ማስተካከል አለበት። ቀድሞ ቢጎትት ወይም ወደ ኋላ ቢቀር ጫንቃው ይቆስላል። «ለማጅ» የሚለው ቃል ለወይፈኑም ለተማሪውም የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አማኝ ለብቻው መጽሐፍ ተሰጥቶት «አንብብና ተለወጥ» ሲባል ቀንበሩን በአንድ ጎን ብቻ ማሸከም ነው። በስድስት ሳምንቱ ትምህርት እያንዳንዱ ጀማሪ አብሮት የሚራመድ አንድ ሰው ይኑረው፤ ከተቻለ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ።

ሆሄ፦

«ለመደ» ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ጥላም አለው። «በልማድ ነው የሚጸልየው» ስንል ማመስገናችን አይደለም። ልምምድና ልማድ ከአንድ ሥር ወጥተው ተለያይተዋል፦ ልምምድ ውስጥ እርማት አለ፣ ልማድ ውስጥ የለም። ስለዚህ በየሳምንቱ «የት ላይ ተሳሳትኩ?» ተብሎ ካልተጠየቀ ልምምዱ ወደ ልማድ ይወርዳል።

በማቴዎስ 28፥20 ያለውን ግስም እንየው፦ «ያዘዝኋችሁንም ሁሉ እንዲጠብቁ እያስተማራችኋቸው»። ብዙ ጊዜ «ያዘዝኋችሁን ሁሉ እያስተማራችኋቸው» ተብሎ የተጻፈ ያህል ነው የምናስተምረው፤ «እንዲጠብቁ» ይዘለላል። ማስተማር የታዘዘው ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን አጠባበቁን ነው። በነገራችን ላይ «ይጠብቃል» በፊደል አንድ ሆኖ በንባብ ሁለት ነው፦ «በ» ሲላላ «ይጠነክራል»፣ «በ» ሲጠብቅ «ይንከባከባል፣ አይለቅም»። እዚህ የምንፈልገው የጠበቀውን ነው፤ የግሪኩም ግስ ዘብ ለሚቆምና ለሚጠብቅ ሰው የሚውል ነው።

ብዕር፦

አጠባበቁን ማስተማር ሲባል በተግባር ምን ይመስላል? አንድ ምሳሌ ብታሳዩን።

ሆሄ፦

ለአንድ ሳምንት አንድ ትእዛዝ ብቻ ይያዝ። ሦስት ወይም አራት ከተያዘ አንዱም አይጠበቅም። ማቴዎስ 5፥37ን እንውሰድ፦ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን»።

መጀመሪያ፣ ይህ ትእዛዝ በእኔ አፍ የሚጣሰው በየትኛው አነጋገር ነው ብሎ መለየት። በአማርኛ መልሱ ቅርብ ነው፦ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብሎ መቅረት፤ «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ገና ከቤት ሳይወጡ፤ ለትንሹም ለትልቁም «ሙት!» ማለት። ሌላው «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ነው፤ ይኼ ስውር ስለሆነ ጠለቅ ብለን እንየው። ያዕቆብ 4፥15 «ጌታ ቢፈቅድ ብንኖርም ይህን ወይም ያን እናደርጋለን» ሲል ስለ ነገ የሚመካውን ሰው ማረሙ ነው። እኛ ግን «አልመጣም» ማለት ሲያሳፍረን መሸሸጊያ አድርገነዋል። ምልክቱ ይኸው፦ «ቢፈቅድ» ከተባለ በኋላ ሰዓት ካልተጠቀሰ ብዙውን ጊዜ «አይሆንም» ማለት ነው፤ ሰሚውም ያውቀዋል። የእግዚአብሔር ስም ለእምቢታ መጋረጃ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ መተኪያውን ቃል አስቀድሞ ማዘጋጀት። «አልችልም፣ ስለጠራኸኝ አመሰግናለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአፍ ካልተለመደ በጭንቅ ሰዓት አይመጣም። በሦስተኛ ደረጃ፣ በየማታው ሁለት ደቂቃ፦ ዛሬ ምን ቃል ገባሁ? የትኛውን ፈጸምኩ? ያልተፈጸመ ካለ በማግስቱ ደውሎ «እመጣለሁ ብዬ ቀርቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት። የሚያርመው ይሄ ስልክ ነው፤ ሁለተኛ እንዲህ የሚል ጥሪ ማድረግ ስለሚከብድ በሚቀጥለው ጊዜ «እሺ» ከማለት በፊት ያሳስባል።

የሚበላሸው የት ነው? ሰው ዝርዝሩን በሌላው ላይ መቁጠር ሲጀምር። ቆጠራው ለራስ ብቻ ነው።

ብዕር፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ልጨምር። ሰው ሁሉ «ይህ መስቀሌ ነው» ይላል፤ ስለ ሕመም፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ክፉ አለቃ። አነጋገሩ ትክክል ነው?

ብራና፦

እንደ አማርኛ አነጋገር ትክክል ነው፣ ለችግር ሁሉ ይነገራል። እንደ ሉቃስ 9፥23 («በኋላዬ ሊመጣ የሚወድ ቢኖር፥ ራሱን ይካድ መስቀሉንም ዕለት ዕለት ተሸክሞ ይከተለኝ») ትርጉም ግን አይደለም። በዚያ ዘመን መስቀል የሚሸከም ሰው ወደ መሰቀያው የሚሄድ ነበር። ደግሞም «ይከተለኝ» የተባለው ሰው መስቀሉን ወዶ ያነሣል፤ ሕመምን ማንም አያነሣም፣ ይመጣበታል እንጂ። ለታመመ ሰው «መስቀልህ ነው፣ ቻለው» ማለት ከሕክምናም ከጸሎትም ሊያዘናጋ ይችላል። «ዕለት ዕለት» የሚለው በሉቃስ ብቻ ነው ያለው፤ በማቴዎስ 16፥24 እና በማርቆስ 8፥34 የለም። ለትምህርቱ ርዕስ ከ«ዕለት ተዕለት ሕይወት» ይልቅ ይህ «ዕለት ዕለት» ይበልጥብኛል፤ መጽሐፉ ራሱ ያለው ነውና።

«ራሱን ይካድ» የሚለውም እንዲሁ። ካደ ማለት «አላውቀውም» ማለት ነው። ጴጥሮስ «ሰውየውን አላውቀውም» ባለ ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ «ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» የተባለበትና «ራሱን ይካድ» የተባለበት ግስ በግሪኩም አንድ ነው። ስለዚህ ራስን መካድ ራስን መጥላት ወይም ማዋረድ አይደለም። «እኔ ካልኩት ውጭ አይሆንም» የሚለው ሰውዬ በውስጤ ሲነሣ «አላውቅህም» ማለት ነው። በስብሰባ ላይ የሌላው ሐሳብ ከኔ ሲሻል ድምፄን ለእሱ መስጠት፣ ያውም ሐሳቡ የሱ መሆኑን በስሙ ጠርቼ።

መቃ፦

እኔ «ይቅርታ»ን ሳላነሣ አላልፍም። ቃሉ ከ«ቀረ» ነው፤ «ይቅር» ማለት «ይተው፣ አይጠየቅ» ነው። ታናሽ ወንድሙ «ይቅርብኝ» ነው፦ የሚገባኝን ሳልቀበል ልኑር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጧቸው ይቅር ባይ ማን እንደሆነ ይታያል፤ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው ነው፣ ጉድለቱን በራሱ ላይ የወሰደ። ለዚህ ነው በማቴዎስ 18 ምሳሌው በገንዘብ የተነገረው። ጌታው ዕዳውን የተወለት ባሪያ ባልንጀራውን ያነቀበት ዕዳ መቶ ዲናር ነው፤ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ነበርና የመቶ ቀን ሥራ ማለት ነው። ትንሽ አይደለም! «ምንም አይደል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የባሪያው የራሱ እልፍ (10,000) መክሊት ግን አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነውና 60 ሚሊዮን ዲናር ይሆናል።

ከዚህ የሚወጣ ተግባር፦ ይቅር ከማለት በፊት ዕዳው ይጠራ። «ሁሉን ትቼዋለሁ» ያለ ሰው ምን እንደተወ ካላወቀ በየወሩ ይመለስበታል። ይቅርታ የሚጠይቀውም «አጥፍቼ ከሆነ» አይበል፤ «ከሆነ» ጥፋቱን ወደ ተበዳዩ ስሜት ይመልሰዋል። «ይህን ተናግሬ አሳዝኜሃለሁ፤ ምን ልካስህ?» ይበል፣ ከዚያ «ግን» ሳይጨምር ዝም ይበል። ካሳው ቀላል አይደለም፤ ቀራጩ ዘኬዎስ ለበደላቸው «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ነው ያለው።

ይቅርታና እርቅም አይምታቱ። ይቅርታ በአንድ ሰው ይሆናል፤ እርቅ ሁለት ይፈልጋል፣ ለዚህም ነው ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ብሎ የወሰነው። የሚደበድብን ሰው ይቅር ማለት ወደ እጁ መመለስ ወይም ከሕግ መደበቅ አይደለም። ይህን ሳይለዩ ማስተማር ሰው ይጎዳል፤ ስለዚህ በትምህርቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ሆሄ፦

«አገልግሎት»ንም በአጭሩ ላንሣ። አሁን መድረክና መዝሙር ብቻ ሆኗል፤ በሐዋርያት ሥራ 6 ግን ማዕድን ማገልገልም ቃሉን ማገልገልም በአንድ ቃል ነው የተጠሩት። በ9፥36 «ደቀ መዝሙር» የተባለችው ጣቢታም ስትሞት መበለቶቹ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው።

ብዕር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ርዕሱን «ዕለት ዕለት፦ የደቀ መዝሙር ልምምድ» አድርጌዋለሁ፤ ስድስቱ ሳምንታት ስድስት ግሶች ይሆናሉ። እስካሁን ያሉኝ ለመደ፣ ጠበቀ፣ ካደ፣ ይቅር አለ፣ አገለገለ ናቸው። ስድስተኛው ጎድሎኛል።

ብራና፦

«ካሰ»ን ከ«ይቅር አለ» ለይታችሁ ለብቻው አድርጉት፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ይፈልጋል። አንድ የጽሑፍ ጉዳይ፦ በላካችሁት ረቂቅ ላይ «ደቀ መዛሙርቶች» ተጽፏል። መዛሙርት ራሱ ብዙ ቁጥር ነውና «-ኦች» አይጨመርበትም። ለአንድ ሰው ደቀ መዝሙር፣ ለብዙ ደቀ መዛሙርት፣ ረቂቅ ስሙ ደቀ መዝሙርነት።