ቅልብልቦሽና ሰኞ ማክሰኞ ለልጆች ከምን ይጀመር?

እናት ከሰሚት
ሰላም ለሁላችሁ። የ9 ዓመት ሴትና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ፤ ቅልብልቦሽና ሰኞ ማክሰኞ ላስተምራቸው እፈልጋለሁ። ትልቋ ወርውራ ከመሬት ታነሳለች፣ የወረወረችውን ግን ትስተዋለች። ትንሹ ጭራሽ ትቶታል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ጠጠሩ እየነጠረ ታች ያሉትን ይረብሻል። ምን ዓይነት ጠጠር ልጠቀም? በምን ቅደም ተከተልስ ላስጀምራቸው?

ቀላቢዋ
መጀመሪያ ጠጠሩን አስተካክዪ። አምስቱም እኩል ይሁኑ፣ የልጅቷ ጭብጥ ውስጥም አንድ ላይ ይግቡ። ከባቄላ ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። ድቡልቡሉ ሲበተን ተንከባልሎ ይርቃል፣ የግንባታ ጠጠር ደግሞ ጠርዙ ጣት ይልጣል። ጠፍጠፍ ያለ፣ ጠርዙ የለሰለሰ ፈልጊ። ከስር ጋቢ አጥፈሽ፣ ሳይጨማደድ ወጥረሽ አንጥፊ። ፀጉራም ምንጣፍ ግን ጠጠሩን ስለሚውጠው ለማንሳት ያስቸግራል።

ትልቋ የምትስተው ዓይኗ መሬት ላይ ስለሚቀር ይመስለኛል። የምታነሳውን ከመወርወሯ በፊት ትምረጥ፤ ከወረወረች በኋላ ዓይኗ ከላይኛው ጠጠር አይነቀል፣ እጇ የታችኛውን ራሱ ያገኘዋል። ወደ ፊት የምትወረውርም ከሆነ እጇ አይደርስበትም። ቀጥ ብሎ እስከ ቅንድቧ ከፍታ ይውጣ። ከዚያ በላይ ሲሆን አቅጣጫ ይስታል፣ በታች ሲሆን ደግሞ ለማንሳት ጊዜ አይሰጥም።

ልምምዱ እንዲህ ይሂድ፦ መጀመሪያ አንድ ጠጠር ወርውሮ በዚያው እጅ መቅለብ ብቻ። ቀጥሎ ወርውሮ፣ መሬቱን በመዳፍ መታ አድርጎ መቅለብ። ይህ ሲለመድ አንድ ጠጠር መሬት ላይ አስቀምጪላት። አምስቱም የሚበተኑት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዱን ለመወርወሪያ ታነሳና የቀሩትን አራት ትለቅማለች፦ አንድ በአንድ፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱን ባንዴ። ለአንድ በአንድ ሰፋ አድርጋ ትበትን፣ ለአራቱ ግን እጇን ዝቅ አድርጋ ሰብሰብ ታድርጋቸው። የሚወረወረውን ስትመርጥ ከሌላ ጋር የተነካካውን ታንሳ፤ መሬት ላይ ከቀረ በኋላ ሲነሳ ጎረቤቱን ነክቶ ያቃጥላታል፣ ማለትም ተራዋን ያሳጣታል።

ጨርቅና መርፌ
ለ6 ዓመቱ ልጅ ጠጠሩን ለጊዜው ተይው። ወደ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ሰፍተሽ ምስር ሙዪባቸው፤ ሁለት ሦስተኛቸው ብቻ ይሞላ። ጢም ብሎ የሞላ ከመዳፍ ይነጥራል፣ ላላ ያለው ግን እጅ ላይ ቁጭ ይላል። ድምፅም የለውም። በሦስት ይጀምር፣ አምስት ለትንሽ እጅ ይበዛል። መጀመሪያ አካባቢ በሁለት እጁ ቢቀልብም ግድ የለም።

የድሮ ሰፈር
በሁለት እጅ መቅለቡ ላይ አልስማማም። ከለመደው በኋላ ማስተው ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ቅልብልቦሽ ላይ የሚያነሳውም የሚቀልበውም ያው አንድ እጅ ነው። ይልቅ ሌላውን እጁን ከጀርባው ያድርግና ዝቅ አድርጎ ይወርውር።

ሰኞ ማክሰኞን በተመለከተ፦ ትልልቅ ሰዎች ቤቱን፣ ማለትም የሚዘለልበትን አራት ማዕዘን፣ በራሳቸው እግር ልክ ይሰምሩትና ትንሹ ልጅ መስመር ይረግጣል። ለእሱ እያንዳንዱ ቤት በ40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አስፋልት ላይ በጠመኔ፣ ሲሚንቶ ላይ በከሰል፣ አፈር ላይ በእንጨት ይሰመራል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ፣ ሲነሳ ሴራሚኩን አያበላሽም። እየዘለሉ በእግር የሚገፉበት ዓይነት የሚመቸው አፈርና ልስልስ ወለል ላይ ነው። ሻካራ አስፋልት ላይ የሚገፋው ስባሪ አይንሸራተትም፣ ስለዚህ እዚያ ወርውሮ በመመለሻ ጎንበስ ብሎ ማንሳቱን አስተምሪያቸው። የሚወረወረው ጠፍጣፋ የሸክላ ወይም የጣውላ ስባሪ ይሁን፤ ድቡልቡል ከሆነ ከቤቱ ይወጣል።

ትንሹ በአንድ እግር ሦስት አራት ቤት ከሄደ በኋላ ሚዛኑ ይጠፋዋል። መሐል ላይ ሁለት እግር የሚያሳርፍበት አንድ ቤት ስጡትና እየበረታ ሲሄድ ይነሳ። ከታች ሰው በሚኖርበት ፎቅ ውስጥ ግን ዝላዩ ስለሚረብሽ ከምሽት በፊት ይጫወቱ።

ቀላቢዋ
አንድ ነገር ልጨምር። ጨዋታው ሳይጀመር ሕጉን ጮክ ብላችሁ ተስማሙ፦ ጠጠር መንካት ያቃጥላል ወይ? መስመር መርገጥስ? የተቃጠለ ሰው ተራው ሲደርሰው ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ከሰኞ ይጀምራል? በየሰፈሩ ስለሚለያይ እህትና ወንድም የሚጣሉት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ለትንሹ ካቆመበት ማስቀጠል ይሻላል፤ ሁሌ ከሰኞ ከጀመረ እሁድን ሳያይ ይሰለቻል።