የ125 ሲሲ መመላለሻ ሞተር ሳይክልን ለውድድር ማዘጋጀት፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፤ ከ«አዲስ ተወዳዳሪ»

ጤና ይስጥልኝ። ለብዙ ጊዜ ወደ ሥራ ስመላለስበት የኖርኩት ባለ አንድ ፒስተን፣ በአየር የሚቀዘቅዝ የ125 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለኝ። ሞተሩ በሆንዳ ሲጂ 125 ንድፍ የተሠራ ነው፤ ካምሻፍቱ ከታች ሆኖ ቫልቮቹን የሚከፍታቸው በመግፊያ ዘንጎች አማካይነት ነው። አሁን ሌላ መጓጓዣ ስላገኘሁ ይህን አሮጌ ወዳጄን ለአነስተኛ ሞተሮች በተዘጋጀ የዝግ ትራክ ውድድር ላሰልፈው ቆርጫለሁ።

ያወጣሁት ዕቅድ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አውጥቼ አጭር ክፍት ቱቦ እገጥማለሁ፤ ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን ከነሳጥኑ አነሳለሁ፤ ከዚያም ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) በጥቂቱ አስላጭቼ መጭመቂያውን (ድብልቁ የሚጨመቅበትን ልክ) ከፍ አደርጋለሁ። ፍሬኖቹ ከፊትም ከኋላም ባለ ታምቡር ናቸው፤ ጎማዎቹም ለመመላለሻ የተሠሩ ቀጫጭን ባለ 18 ኢንች ናቸው፤ ለእነዚህ ገንዘብ ሲተርፈኝ እደርሳለሁ ብዬ ነው። ቅደም ተከተሌ ትክክል ነው ወይ? በተጨማሪም 15 ጥርስ ያለውን የፊት ስፕሮኬት (ካቴናው የሚጠመጠምበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት) በ16 ብቀይረው ከፍተኛው ፍጥነት እንደሚጨምር ተነግሮኛል፤ ይህስ እውነት ነው?

መልስ፤ ከ«ኩሽኔታ»

ወንድሜ፣ ዕቅድዎን ከግርጌው ወደ ራስጌው ቢያነቡት ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይወጣዋል። ይህን የምለው ለማሾፍ ሳይሆን እኔም በመጀመሪያው ዓመት ያንኑ መንገድ ሄጄ፣ በቀጥታው ላይ ማንንም ሳልቀድም በየኩርባው ሁሉም ሲያልፉኝ ስለዋልኩ ነው።

በመጀመሪያ የኃይሉን ነገር በቁጥር እንመልከተው። የዚህ ዓይነቱ ሞተር በደህና ጊዜው ወደ 11 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። አየርን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 11 የፈረስ ጉልበት የሚፈጅ ሞተር ሳይክል 120 ለመድረስ 19 ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ ሞተር ተጨማሪ 8 የፈረስ ጉልበት ማውጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ የተሰበረ ብረት ይጠይቃል። በአንጻሩ መሪውን ዝቅ አድርገው፣ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላና ወደ ላይ አንስተው፣ አገጭዎን ነዳጅ ታንከሩ ላይ አሳርፈው ክርንዎን ሲሰበስቡ አየሩ የሚገፋው ገላዎ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ሳይነካ ፍጥነት ይጨምራል።

ሁለተኛው የሞተሩ ተፈጥሮ ነው። የሲጂ 125 ፒስተን ስፋቱ 56.5 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘው ርቀት) 49.5 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ 9,000 ዙር ሲሽከረከር የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 15 ሜትር ይጠጋል፤ ይህን ይችለዋል። ዙሩን ወደ 11,000 ሲያሳድጉት ግን ቢየላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ) እና ፒስተኑን የሚጎትተው ኃይል በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን የቫልቭ ሞላዎቹ እጅ ይሰጣሉ፤ መግፊያ ዘንጎቹና ቫልቮቹ ከካምሻፍቱ ቅርጽ ተለይተው መንሳፈፍ ሲጀምሩ ሞተሩ በድምፁ ብቻ ይጮሃል እንጂ አይጎትትም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ማን ደሴት (Isle of Man) የሞተር ሳይክል ውድድር ሄዶ በ125 ሲሲ ክፍል ስድስተኛ የወጣው ምቱ 41 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ፣ ባለ ሁለት ፒስተን ሞተር ነበር። ለከፍተኛ ዙር የሚታሰብ ሞተር ከመጀመሪያው እንደዚያ ሆኖ ይወለዳል፤ የእርስዎ ደግሞ ለትዕግሥት የተወለደ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለጎማ ይዋል። የመመላለሻ ጎማ የሚሠራው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲያገለግል ከጠንካራ ላስቲክ ነው፤ ለስለስ ያለ ላስቲክ ያለው የስፖርት ጎማ ግን በጥቂት ዙር ይሞቅና አስፋልቱን ይነክሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ማስገባት። የጎማው ጎኖች ወደ ውስጥ ተጨምቀው መሐሉ ይሾልና፣ ሲያዘነብሉ የሚያገኙት የመሬት ንክኪ ካሰቡት ያንሳል። ሰፊ ጎማ የሚፈልጉ ከሆነ ቸርኬውንም አብረው ያስፉ፤ ካልሆነ አምራቹ ለቸርኬዎ ስፋት በፈቀደው ልክ ይቆዩ።

ፍሬኑ ከዚያ ይከተላል። የታምቡር ፍሬን ችግሩ ጉልበት ማነሱ ሳይሆን ሙቀቱ የሚወጣበት ማጣቱ ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራውም የመንከስ አቅሙ ይቀንሳል፤ በመጀመሪያው ዙር በሁለት ጣት ይዞ የነበረው እጄታ በስድስተኛው ዙር መሪው ድረስ ይመጣል። ከዚያው ሞዴል ቤተሰብ ባለ ዲስክ የፊት ሹካ፣ የቸርኬ እምብርትና የፍሬን ፓምፕ የሚገኝ ከሆነ ሙሉውን መቀየር ነገሩን ይገላግላል። ካልተገኘ ደግሞ ሸራዎቹ ሙሉ ፊታቸው ታምቡሩን እንዲነካ በልኩ ያስሞርዷቸው። እንዲሁም ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሲያዝ ገመዱና የሚስበው ክንድ 90 ዲግሪ እንዲሠሩ ክንዱን በጥርሱ ላይ አዙረው ይግጠሙት። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ልዩነቱን ግን ጣትዎ ወዲያው ይነግርዎታል።

አሞርዛተሮቹን በተመለከተ ባጭሩ፦ የፊት ሹካውን ዘይት በወፈረ ይቀይሩ፤ ሞላው ከደከመ በላዩ ማስጨነቂያ ቁራጭ ቱቦ ይጨምሩ፤ ልብስዎን ሁሉ ለብሰው ሲቀመጡበት ሹካው ከሙሉ ጉዞው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ብቻ ይውረድ።

የስፕሮኬቱ ምክር ለእርስዎ ሁኔታ ስህተት ነው። ሞተሩ አሁን ያለውን 15 ጥርስ በመጨረሻው ማርሽ እስከ ጉልበቱ ጫፍ መግፋት ካልቻለ፣ 16 ሲያስገቡለት ይበልጥ ይከብደዋል እንጂ አይፈጥንም። ልኩ የሚታወቀው በትራኩ ረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ፣ ፍሬን ከመያዝዎ በፊት፣ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጥበት ዙር ላይ ሲደርስ ነው። ለአጭር ትራክ አብዛኛውን ጊዜ 14 ይሻላል። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ ያህል እንደ መጨመር ስለሚቆጠር፣ ረቂቅ ማስተካከያውን በኋላው ስፕሮኬት ያድርጉት።

መልስ፤ ከ«ካንዴላ»

ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ሞተሩ ጨርሶ አይነካ የሚል መንፈስ ስላየሁበት በዚህ አልስማማም። በሰላም ሊገኝ የሚችል ጥቂት ጉልበት አለ፤ እሱም የሚገኘው ከመቁረጥ ሳይሆን ከማስተካከል ነው። የቫልቭ ክፍተቱ በልኩ ይሁን፤ የፒስተን ፋሻዎቹ ካረጁ ይቀየሩ፤ ካቴናው ንጹሕና በመጠኑ የላላ ይሁን፤ የፍሬን ሸራው ቸርኬውን እየላሰ አይዙር። የኋላ ቸርኬውን አንሥተው በእጅዎ ሲያሽከረክሩት በአንድ ዙር የሚቆም ከሆነ፣ ካለችው 11 የፈረስ ጉልበት የተወሰነችውን እዚያው እየጣሏት ነው።

ስለ ፊልትሮው ሳጥን ግን በብርቱ ላስጠንቅቅዎ። ሳጥኑ አቧራ መከልከያ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለው አየር ከካርቡራተሩ ጋር ተስማምቶ የመሐከለኛውን ዙር ጉልበት ይይዛል። ሳጥኑን አንሥተው፣ ክፍት ቱቦ ገጥመው፣ ዋናውን ጄት (በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጁን የሚለካውን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ሳይቀይሩ ቢነዱ ድብልቁ ነዳጅ ያንሰዋል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ለጥቂት ዙር የፈጠነ ይመስላል፤ ከዚያ ይግላል። እኔ በዚህ ዓይነት ያቃጠልኩትን ፒስተን አሁንም የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ በራሱ መሐል ጫፉ የቀለጠ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል ቀዳዳ አለው። ያን ቀን ጥፋቱ የሌላ የማንም አልነበረም።

ማርሚታውን ለመቀየር ከወሰኑ ጄቱን በአንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ይጀምሩ። በረጅሙ ቀጥታ ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻው ሰጥተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ፣ በአንድ ጊዜ ፍሪሲዮኑን ይያዙና ሞተሩን ያጥፉት፤ እየተንከባለሉ ወጥተው ካንዴላውን ይፍቱ። በማዕከላዊው ዘንግ ዙሪያ ያለው ነጭ ሸክላ ከሥሩ ቀለል ያለ ቡናማ ቀለበት ካሳየ ደህና ነው፤ ፍጹም ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጄቱን ያሳድጉ፤ ጥቀርሻ ከለበሰ ይቀንሱ። ሞተሩን ሳያጠፉ በዝግታ ተመልሰው የሚያዩት ካንዴላ የሚነግርዎት ስለ ዝግታው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሪሲዮኑ የሚነከረው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሆነ፣ ግጭትን የሚቀንስ ቅመም ያለበት የመኪና ዘይት አይጨምሩበት፤ ይንሸራተታል። በጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ (JASO MA፤ በዘይት ለሚነከር ፍሪሲዮን የሚስማማ የዘይት ደረጃ) የሚል ምልክት ያለውን ይፈልጉ።

ጥያቄ፤ ከ«አዲስ ተወዳዳሪ»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቴስታታውን ትቼዋለሁ። በምክራችሁ መሠረት የፊት ፍሬኑን ክንድ አዙሬ ስገጥመው በእርግጥ ሌላ ፍሬን መስሎኛል። አሁን በሹካው ላይ የሚታሰር ዝቅተኛ መሪና ወደ ኋላ የተነሣ የእግር መርገጫ አግኝቻለሁ። ስገጥማቸው ልጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች ካሉ፣ እንዲሁም ከውድድሩ በፊት የሚመረምሩት ሰዎች ምን ምን እንደሚያዩ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፤ ከ«ኩሽኔታ»

መሪውን አስረው ከመጨረስዎ በፊት ጓንትዎን ለብሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ያዙሩት። አውራ ጣትዎ በመሪውና በታንከሩ መካከል የሚቀረቀር ከሆነ የመዞሪያ ገደቡን ያሳጥሩ፤ አለበለዚያ ሞተር ሳይክሉ አንድ ጊዜ ሲወራጭ ጣትዎ ይሄዳል። ቀጥሎ ሞተሩን ያስነሡና በዝግታ እየሠራ ሳለ መሪውን እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩት፤ ድምፁ ከፍ ካለ የጋዙ ገመድ እየተወጠረ ነውና መንገዱን ይቀይሩለት። ጋዙን ሙሉ ሰጥተው ሲለቁት ደግሞ መሪው በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን በራሱ ቀጭ ብሎ መዘጋት አለበት።

በእግር መርገጫው በኩል ሁለት ነገር አለ። የማርሽ መርገጫውን ገልብጠው የሚያስሩት ከሆነ የማርሾቹም አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ይህ በውድድር የተለመደ ነው፤ እግርዎ እስኪለምድ ግን ቀስ ይበሉ። የኋላ ፍሬኑን ሲያስተካክሉም የታምቡሩን ክዳን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት መልሰው ሳያስሩ እንዳይነሡ፤ እሱ ከሌለ ፍሬን ሲረግጡ ክዳኑ ራሱ አብሮ ይዞርና ቸርኬውን ይቆልፈዋል።

የመርማሪዎቹ ዝርዝር እንደየውድድሩ ደንብ ስለሚለያይ አስቀድመው ደንቡን ያንብቡ። በአብዛኛው ግን መስታወት፣ መብራትና የማቆሚያ እግር ወጥተው፣ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ዘይት ወደሚጠራቀምበት ዕቃ ገብቶ፣ የዘይት ማፍሰሻውና መሙያው ቡሎኖች በሽቦ ታስረው ማየት ይፈልጋሉ። በቡሎኑ ራስ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስተው 0.8 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦ ያሳልፉና እየጠመዘዙ ከጠንካራ ነገር ጋር ይሰሩት። ሽቦው ቡሎኑን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ መሳብ አለበት። ብዙ ሰው ሽቦውን አሳምሮ ጠምዝዞ ወደሚላላበት አቅጣጫ ያስረዋል፤ መርማሪውም በጣቱ አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ ይመልሰዋል።