የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስ ሕጎች ለምን እንዲህ ሆኑ? (የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጥያቄ)

መምህርት ዘደብረታቦር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ታቦር አካባቢ ሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ስለ ቅርጫት ኳስ ሳስረዳ «ኳሱን ይዞ መሮጥ አይፈቀድም» ብል አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ለምን?» አለኝ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ መረብ ኳስ ላይ ተጫዋቾች ለምን በዙር ቦታ እንደሚቀያየሩ ጠየቀችኝ። መጽሐፋችን የፈጣሪዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረት ጽፎ ያልፋል። ልጆቹ «ለምን» ብለው ሲጠይቁ «ሕጉ ነው» ብሎ መመለስ አልወድም። ምክንያቱን በደንብ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። ሁለቱም ጨዋታዎች ከአንድ ቤት ወጡ ሲባልም ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? አንድ ነገር ልጨምር፤ ክፍሌ ውስጥ ከስልሳ በላይ ልጆች አሉ፣ ኳስ ግን እንደልብ የለንም።

ጡረተኛው ዳኛ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዕድሜዬን ሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምርና የትምህርት ቤቶች መረብ ኳስ ስዳኝ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል።

አዎ፣ ሁለቱም ከአንድ ቤት ወጥተዋል። ቤቱ እኛ ወወክማ የምንለው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነው፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአገራችንም ይሠራ ነበር። ማኅበሩ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ አሠልጣኞቹን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1891 ክረምት አንድ የተማሪዎች ክፍል መምህራኑን አስቸገረ። ውጭው በረዶ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ጂምናስቲክ ብቻ ሲሠሩ ውለው ተሰላችተዋል። ኃላፊው ሉተር ጉሊክ፣ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለውን ካናዳዊ መምህር «በ14 ቀን ውስጥ አዲስ ጨዋታ ፈልግላቸው» አለው።

ናይስሚዝ መጀመሪያ የሚታወቁትን ጨዋታዎች አዳራሽ ውስጥ ሞከረ። የአሜሪካ ፉትቦል (ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት)፣ እግር ኳስ፣ ላክሮስ (መረብ ባለው ዱላ ኳስ የሚወረወርበት)፤ ሁሉም ጉዳት አስከተሉ። ከዚያ ነው የተማሪሽ «ለምን» የሚመጣው። ሰው በፉትቦል ተጠልፎ የሚወድቀው ለምንድን ነው? ኳስ ይዞ ስለሚሮጥ ነው፤ የሚሮጠውን ለማስቆም ሌላው ይጥለዋል። እንግዲያው መሮጡ ቢቀር መጣሉም ይቀራል። ኳሱን የያዘ ሰው ከያዘበት ቦታ ይወርውር ተባለ። የቅርጫት ኳስ ሥሩ ይኸው ነው። የቀሩት ሕጎች ሁሉ ከዚህ ይቀዳሉ፤ ልጆቹም ይህን አንድ ነገር ከያዙ ሌላው አያስቸግራቸውም።

ግቡ ለምን ከላይ ሆነ? ግብ መሬት ላይ ቢቆም ሁሉም በኃይል ይለጋል፣ ተከላካዮችም ተሰብስበው ይዘጉታል። ናይስሚዝ በልጅነቱ ካናዳ ውስጥ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ በውርወራ የማውረድ ጨዋታ ይጫወት ነበር። እዚያ በኃይል ከሚወረውረው ይልቅ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ የሚያጎነው ያሸንፋል። አፉ ወደ ሰማይ የሆነ ግብ ከራስ በላይ ቢሰቀል ጉልበት ሳይሆን ልክ መጣል ይጠይቃል ብሎ አሰበ። የሕንፃውን ጠባቂ ሳጥን ቢጠይቀው የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫት አመጣለት። ቅርጫቶቹ የተቸነከሩበት የሰገነት አግዳሚ ከመሬት 10 ጫማ ነበር፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ 3.05 ሜትር ላይ ቀለበት የሚሰቅለው ያ አግዳሚ እዚያ ከፍታ ላይ ስለነበረ ነው። ይህን ለልጆቹ ንገሪያቸው፤ በጣም ነው የሚወዱት።

በታኅሣሥ ወር 18 ተማሪዎች ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው በእግር ኳስ ኳስ ተጫወቱ፤ 1 ለ 0 አለቀ። ቅርጫቱ ቂጥ ስለነበረው ኳሱ በገባ ቁጥር ሰው መሰላል ይዞ መውጣት ነበረበት። ሕጎቹ 13 ናቸው፤ በትከሻ መግፋት፣ መያዝ፣ መጥለፍ፣ መምታት ክልክል። ሁለተኛ ጥፋት የሠራ ቀጣዩ ግብ እስኪገባ ይወጣል፤ አንድ ቡድን በተከታታይ ሦስት ጥፋት ከሠራ ለተቃራኒው ግብ ይቆጠራል። የቅጣት ውርወራ ገና አልነበረም። ከቅርጫቱ ጀርባ ያለው ሰሌዳም የመጣው በኋላ ነው፤ ሰገነት ላይ የተቀመጡ ተመልካቾች እጃቸውን ሰድደው ኳሱን ሲያስገቡና ሲመልሱ ስላስቸገሩ ነው።

ማሳቹሴትስ ነዋሪ

ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር፤ እኔ የምኖረው ስፕሪንግፊልድ አቅራቢያ ነው። የመረብ ኳስ የተወለደባት ሆልዮክ ከስፕሪንግፊልድ በመኪና ሩብ ሰዓት ገደማ ብትሆን ነው። ስፕሪንግፊልድ በናይስሚዝ ስም የተሰየመ የቅርጫት ኳስ ሙዚየም አላት፤ ሆልዮክ ደግሞ የመረብ ኳስ። ሁለቱን በአንድ ቅዳሜ ማየት ይቻላል፤ የሐበሻ ልጆች ያላችሁ ውሰዷቸው።

ዊልያም ሞርጋን እዚያው ስፕሪንግፊልድ የተማረ ሰው ነው። ሆልዮክ ወወክማ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ከሥራ በኋላ የሚመጡት ጎልማሳ ነጋዴዎች ቅርጫት ኳሱ ከበዳቸው። መጋጨት የማይችሉ ሰዎች ምን ይጫወቱ? ሞርጋን ቡድኖቹን በመረብ ለያቸው። ናይስሚዝ ግጭትን በሕግ ከለከለ፤ ሞርጋን እንዲያውም መገናኛውን አጠፋው። እ.ኤ.አ. 1895 መሆኑ ነው። መረቡ 1.98 ሜትር ብቻ ነበር፤ ከአንድ ረዥም ሰው ራስ ትንሽ ከፍ ይላል። የቅርጫት ኳሱ ኳስ ከበደ፣ ውስጡ ያለው ፊኛ ለብቻው ሲሞከር ቀለለ፤ ስለዚህ ስፖልዲንግ የተባለው ፋብሪካ አዲስ ኳስ ሠራለት። በ1896 ስፕሪንግፊልድ ላይ ለጉባኤ ሲያሳየው የአንዱ ቡድን አምበል የሆልዮክ ከንቲባ፣ የሌላው ደግሞ የእሳት አደጋ አለቃው ነበሩ።

መምህርት ዘደብረታቦር

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ሁለት ነገር ቀረኝ። ኳስ ይዞ መሮጥ ከተከለከለ ማንጠር እንዴት ተፈቀደ? ልጁ ነገ ይህን እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። የልጅቷ የዙር ጥያቄም አልተመለሰም።

ጡረተኛው ዳኛ

13ቱ ሕጎች ውስጥ ማንጠር የሚባል ነገር የለም። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው ያመጡት። ተከቦ የሚያቀብለው ሰው ያጣ ተጫዋች ኳሱን መሬት ላይ ጥሎ ራሱ መልሶ መያዝ ጀመረ፤ ለራሱ አቀበለ ማለት ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ልጆች በዚህ ቀድመው ይታወቃሉ። ሕጉም ተቀበለው፤ ምክንያቱም ኳሱ ከእጅ በወጣች ቁጥር ተከላካዩ ሰውየውን ሳይነካ ሊቀማው ይችላል። አንጥሮ፣ ይዞ፣ እንደገና ማንጠር የሚያስቀጣውም ለዚህ ነው፤ ያ ከተፈቀደ ይዞ መሮጥ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ወደ ዙሩ ልምጣ። መረብ ኳስ ላይ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሕግ ይህ ነው። ቡድኑ ሰርቪስ (ጨዋታውን የሚያስጀምረውን ምት) የመምታት ተራ ከተቃራኒው ሲወስድ ስድስቱም በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ አንድ ቦታ ይዞራሉ። ዙሩ ባይኖር ረዥሙ ሁልጊዜ መረቡ ሥር ቆሞ ይመታል፣ አጭሩ ከኋላ ኳስ ሲያነሳ ይኖራል፣ ሰርቪስም አንድ ሰው ብቻ ይመታል። በዙሩ ግን ሁሉም ከፊትም ከኋላም ይሠራል፣ ሁሉም ሰርቪስ ይመታል። ከኋላ መስመር ያለ ተጫዋች የፊቱን ክልል ረግጦ ከመረብ በላይ ያለ ኳስ እንዳይመታ የተከለከለውም ዙሩ ትርጉም እንዳያጣ ነው። በዳኝነት ዘመኔ የቆምኩበት ቦታ ሁሉ ጥብቅ ብዬ የያዝኩት ይህን ነበር።

አንድ ቡድን ኳሱን ከሦስት ንክኪ በላይ አይነካም የሚለው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። በሞርጋን ጊዜ የንክኪም የተጫዋችም ቁጥር ገደብ አልነበረውም። ነጥቡ ደግሞ ድሮ ሰርቪስ ለመታው ቡድን ብቻ ነበር የሚቆጠረው፤ አንድ ሴት (set፣ የጨዋታው አንድ ክፍል) ሰዓት ሊፈጅ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ተቀይሮ አሁን በእያንዳንዱ ኳስ ነጥብ አለ፤ እስከ 25፣ በሁለት ልዩነት፣ አምስተኛው ሴት እስከ 15።

አሁን ስለ ስልሳዎቹ ልጆች። የድሮው ሕግ ለአንቺ ክፍል ይመቻል። ናይስሚዝ በአንድ ወገን አምስት ብቻ ይሁኑ አላለም፤ አምስት የሆኑት ከዓመታት በኋላ ነው። ዘጠኝ ለዘጠኝ አሰልፊያቸው፣ ማንጠር ለጊዜው ከልክይ። ኳስ የያዘ ይቁም፣ ያቀብል። ማንጠር ሲፈቀድ ኳሱ ሁለት ጎበዞች እጅ ላይ ይቀራል፤ ሲከለከል ግን ዓይን አፋሩም ኳስ ይደርሰዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንጠርን ጨምሪ።

መምህርት ዘደብረታቦር

ሰኞ እጀምራለሁ ጋሼ። መረብ ግን የለንም፤ ገመድ ቢሆንስ?

ጡረተኛው ዳኛ

ገመድ ይበቃል። ሁለት ዛፍ መካከል ወጥሪውና ኳሱ ከሥር ወይ ከላይ ማለፉ እንዲለይ ቁራጭ ጨርቅ አንጠልጥይበት። የወንዶች 2.43፣ የሴቶች 2.24 የሚባለው ለአዋቂ ነው፤ ለ7ኛ ክፍል የሞርጋን 1.98 ሜትር ራሱ ይበዛል፣ ዝቅ አድርጊው። አንዴ መሬት ነጥሮ የመጣ ኳስም ቢመለስ ለጀማሪ ፍቀጂ፤ እጃቸው ሲለምድ ታስቀሪዋለሽ።