«ሰርቨር ጨምሩ፣ ያልቃል»፦ ምኑ ነው የሚያልቀው?

የሌሊት_ተረኛ፦
ዛሬ የኤስኤንኤምፒ (ስዊችና ራውተርን በኔትወርክ እየጠየቁ የሚከታተሉበት ፕሮቶኮል) ስልጠና ላይ የሰማሁትን ካላወጣሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። አሰልጣኙ ፊታችን ቆሞ «የኤስኤንኤምፒ መከታተያችሁ ከዘገየ ሰርቨር ጨምሩ፣ ያልቃል» አለ። ግማሹ ሰው ደብተሩ ላይ ጻፈው! የእኔ ፖለር (መሣሪያዎቹን በየ5 ደቂቃው እየዞረ የሚጠይቀው ፕሮግራም) ሲፒዩው ከ10 በመቶ አያልፍም፤ የ5 ደቂቃው ዙር ግን በ5 ደቂቃ አያልቅም። ማሽኑ ሥራ በዝቶበት አይደለም፤ ጥያቄ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው። ሌላ ሰርቨር ብጨምርለት ሁለት ሆነው ይጠብቃሉ።

ኮር32፦
ሁለት ሆነው ቢጠብቁ በግማሽ ጊዜ ይጨርሳሉ። 600 መሣሪያ ለሁለት ሲካፈል 300 ነው። ሰውየው ምን አጠፋ?

የሌሊት_ተረኛ፦
ለዚያ ሰርቨር ምን ያደርጋል? እዚያው ማሽን ላይ ትሬዱን (ጎን ለጎን የሚጠይቁትን ብዛት) ከ8 ወደ 32 ከፍ አድርገው። የሚጠብቅ ትሬድ ሲፒዩ አይበላም።

ገመድ_ጎታች፦
ትሬዱንም ተዉት፣ መጀመሪያ የምትጠይቁትን እዩ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ስዊች ጋር የሚመላለሰውን ፓኬት ይዤ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 52 ኢንተርፌስ፣ ከእያንዳንዱ 10 ዓይነት ቁጥር፣ ሁሉም በጌትኔክስት፣ «ቀጣዩን ስጠኝ» በሚለው ጥያቄ። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከ520 በላይ ምልልስ። መስመሩ ደርሶ መልስ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ለአንድ ስዊች 21 ሰከንድ! ብዙ ቁጥር በአንዴ ወደሚያመጣው ጌትበልክ ቀይሬ ማክስ-ሪፒቲሽንሱን (በአንድ ጥያቄ የሚመጣውን ብዛት) 25 ሳደርገው ለየዓይነቱ 3፣ በድምሩ 30 ጥያቄ በቃው፤ 1.2 ሰከንድ አካባቢ። ለካ ያንን ስዊች የመዘገበው ሰው የኤስኤንኤምፒ ቨርዥን 1 ብሎት ኖሯል፤ ቨርዥን 1 ደግሞ ጌትበልክ የሚባል ነገር የለውም። ሰርቨሩን አልነካሁትም።

ኮር32፦
25 ላይ ምን አቆመህ? 100 አድርገውና የየዓይነቱን በአንድ ጥያቄ ጨርስ።

ገመድ_ጎታች፦
ሞክረኸው ታውቃለህ? መልሱ ከ1500 ባይት ካለፈ ዩዲፒው (መልሱን የሚሸከመው ፓኬት) ይቆራረጣል። መሀል ያለው ፋየርዎል ቁርጥራጭ የማያሳልፍ ከሆነ ደግሞ መልሱ ጭራሽ አይደርስም። አንተ ደግመህ ትጠይቃለህ፣ እሱ ደግሞ ይመልሳል፣ ፋየርዎሉ ደግሞ ይጥላል። ከዚያ «ስዊቹ ሞቷል» ብለህ ሰው ትቀሰቅሳለህ።

የሌሊት_ተረኛ፦
የሚቀሰቀሰው እኔ ነኝ፣ ይመዝገብልኝ።

ፖርት161፦
ቨርዥን 1 ካነሳችሁ አይቀር፣ እሱ ላይ ያለ ሰው ፍጥነቱን ትቶ ለግራፉ ይጨነቅ። 64 ቢት ካውንተር (ያለፈውን ባይት የሚቆጥረው) የለውም። 32 ቢቱ በሞላ 1 ጊጋቢት መስመር ላይ በ34 ሰከንድ ዞሮ ዜሮ ይገባል። በ5 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ግራፉ ከ114 ሜጋቢት በላይ ወጥቶ አያውቅም። መስመሩ ታንቆ ሰው እየጮኸ ግራፉ «ሰፊ ቦታ አለ» ይላል። እዚህ ላይ ሰርቨር ቢጨመር ውሸቱን ከሁለት ቦታ መስማት ነው።

አሮጌ_ፕሮብ፦
በሰው ላይ መሳለቅ ይቅር። አሰልጣኙን አውቀዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ኬብል መቆንጠጥ ሳትማሩ ሥራ ላይ ነበረ። «ሰርቨር ጨምሩ» ያለው በምክንያት ነው። እኛ ጨምረን አልቆልናል። 60,000 የአርአርዲ (የግራፉ ቁጥር የሚቀመጥበት) ፋይል በየ5 ደቂቃው መጻፍ ማለት በሰከንድ 200 ፋይል እዚህም እዚያም መንካት ነው። የድሮው የሚሽከረከር ዲስክ አልቻለውም፤ ለሁለት ስንከፍለው ተነፈሰ።

የሌሊት_ተረኛ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ያለቀው የዲስክ ችግር ነው። አርአርዲካሽድ የሚባለውን ፕሮግራም አድርገው ጽሑፉን ቢያጠራቅሙት ያው ማሽን ይበቃ ነበር። አሰልጣኙ «ዲስካችሁን እዩ» አላለም፤ «ሰርቨር ጨምሩ፣ ያልቃል» ነው ያለው።

አሮጌ_ፕሮብ፦
ቃል በቃል ይዘህ አትሟገት፣ ሐሳቡን ያዝ።

ፖርት161፦
ሐሳቡንም ያዝነው፣ ባዶ ሆነብን እንጂ። ዋናው መስመር ተበጠሰ እንበል፣ ከኋላው 100 ስዊች ጠፋ። ኔት-ኤስኤንኤምፒ (መጠየቂያው ሶፍትዌር) ቅንብሩን ካልነካኸው 1 ሰከንድ ይጠብቃል፣ 5 ጊዜ ይደግማል። ለአንድ ጥያቄ 6 ሰከንድ፤ በአንድ ትሬድ ተራ በተራ ሲያዳርሳቸው 10 ደቂቃ። እነሱ ምላሽ እስኪሰጡ ሲጠበቅ በሕይወት ያሉትም ሳይጠየቁ ዙሩ ያልፋል። ሞኒተሪንጉ በሚፈለግበት ሰዓት ይታወራል። መጀመሪያ ሲስአፕታይምን (ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚናገረውን ቁጥር) ብቻ ጠይቁት፤ ካልመለሰ ሌላውን 50 ጥያቄ አትላኩበት። ድጋሚውንም 1 ወይም 2 አድርጉት።

ኮር32፦
ሲስአፕታይም ላይ ከተማመንክ ቁጥሩ በ497 ቀኑ ሞልቶ ዜሮ ሲሆን «መሣሪያው ሪስታርት አደረገ» ብለህ ትጮሃለህ።

ፖርት161፦
መመለሱን ነው ያየሁት እንጂ ቁጥሩን መቼ አልኩ? ወሬ ቀየርክ።

ስትሪም_ብቻ፦
ይህን ሁሉ የምትደክሙት በ1988 ለወጣ ፕሮቶኮል ነው። ጂኤንኤምአይ አለ፣ መሣሪያው ራሱ ይልክላችኋል፣ ተገላገሉ። የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድ የጠራው ስብሰባ እኮ ኤስኤንኤምፒን ያማረረው በ2002 ነው።

ገመድ_ጎታች፦
የዚያን ስብሰባ ሰነድ እስከ መጨረሻው ብታነበው ጥሩ ነበር። ያማረሩት ኮንፊገሬሽኑን (መሣሪያን በእሱ ማዋቀሩን) ነው። ለክትትል ደህና ይሠራል ብለው እዚያው ጽፈዋል። ደግሞ ከስዊቾቼ አብዛኞቹ ጂኤንኤምአይ ብትላቸው ስድብ ይመስላቸዋል። ማን ይቀይራቸው፣ አንተ?

ስትሪም_ብቻ፦
በአሮጌ ዕቃ ተቆራኝታችሁ ለምን ዘገየ ትላላችሁ።

አሮጌ_ፕሮብ፦
አሮጌ ያልከው ዕቃ ነው አንተን እዚህ እንድትጽፍ ያደረገህ።

ጥያቄ_አለኝ፦
ይቅርታ ላቋርጥ። እኛ ጋ ፖለሩ በጀመረ ቁጥር የዋናው ራውተር ሲፒዩ 90 በመቶ ይገባል። ይህም የሰርቨር ነው?

የሌሊት_ተረኛ፦
ሁለት ሰርቨር ብታደርገው ሁለት ጊዜ ይገባል። ዛፉን (የራውተሩን የኤስኤንኤምፒ መረጃ በሙሉ) ከሥሩ ጀምረህ ሙሉውን እያስኬድክ እንዳይሆን። ሙሉ የቢጂፒ ራውት (የኢንተርኔቱን መንገዶች ዝርዝር) የያዘ ራውተር የራውቲንግ ቴብሉን በኤስኤንኤምፒ ስትጠይቀው መልሱን በኦአይዲ (የመረጃው መለያ ቁጥር) ቅደም ተከተል ማውጣት አለበት፤ ያ ነው የሚገድለው። የራውቲንጉንና የአርፑን (አይፒን ከማክ አድራሻ የሚያዛምደውን) ቴብል በቪው (ፖለሩ የሚያየውን በሚወስነው ቅንብር) ዝጋባቸው። ግራፍ ላይ የምታያቸው አይመስለኝም።

ጥያቄ_አለኝ፦
ዘጋሁት። 90 የነበረው 20 ሆነ። አመሰግናለሁ።

አሮጌ_ፕሮብ፦
አንድ ራውተር ስለተነፈሰ አሰልጣኙ ተሳሳተ ማለት አይደለም።

የሌሊት_ተረኛ፦
«ያልቃል» ያለው ግን ምኑ ነው?

አሮጌ_ፕሮብ፦
አሁንም እዚያው ነህ?

ኮር32፦
ክርክራችሁን ቀጥሉ፣ የእኛ ሁለተኛ ሰርቨር ነገ ይገባል። ተገዝቷል።

ገመድ_ጎታች፦
የመጀመሪያው ላይ ትሬዱ ስንት ነው?

ኮር32፦
ሲጫን የነበረው።

ገመድ_ጎታች፦
ሲጫን ስንት ነበር?

ኮር32፦
ነገ አይቼ እነግርሃለሁ።