የማካሮኒ ሰላጣው ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይደርቅብኛል

የእህቴ ምርቃት በሰኔ ጾም ዋለ። እኔ የያዝኩት የጾም ማካሮኒ ሰላጣውን ነው። ወደ 40 ሰው ይመጣል፤ 3 ኪሎ ማካሮኒ ገዝቻለሁ። ማዮኔዝ እንቁላል ስላለበት አይሆንም። ድሬሲንጉ ዘይት፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ነው። የተቀቀለ ካሮትና ፎሶሊያ፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያም ይገባበታል። ቲማቲም ውሃ ስለሚያወጣ የምጨምረው ሊቀርብ ሲል ነው።

ማታ ቀላቅዬ ስቀምሰው ልክ ነው፤ እንዲያውም በጣም ይጥማል። ጠዋት ከፍሪጅ ሳወጣው ግን ማካሮኒው ድሬሲንጉን ጠጥቶ ጨርሶታል። እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ በጭልፋ ሲነካ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ይነሳል። የሎሚው ቃና የለም።

ከቀቀልኩት በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅኩት፤ መጣበቁ ቀነሰ እንጂ ድርቀቱ ያው ነው። ጠዋት ዘይት ብቻ ስጨምርበት ደግሞ ላዩ ወዛ፣ ውስጡ ግን አልጣፈጠም። የምርቃቱ ቀን ከቤት የምንወጣው በጠዋት ስለሆነ ሁሉንም ያን ዕለት መሥራት አልችልም። እንግዶቹን ደረቅ ነገር ማቅረብ ደግሞ አልፈልግም።

ለ3 ኪሎ ማካሮኒ ከድሬሲንጉ ምን ያህሉን ማታ ልቀላቅል፣ ምን ያህሉንስ ለማቅረቢያው ሰዓት ላስቀር?