«ለመማሪያ ይበቃል»፦ ፍሬኑ ያለቀ ሞተር ለጀማሪ ይሸጥ ወይ?

የአላሙራ ሰው
ትናንት እዚሁ የሀዋሳ ግሩፓችን ላይ የተለጠፈውን የሞተር ማስታወቂያ ያየ ይፍረደኝ። «ቦክሰር 150፣ ደህ (የደቡብ) ታርጋ፣ ሞተሩ ያልተከፈተ። የፊት ፍሬኑ ትንሽ ይቀረዋል እንጂ ለመማሪያ ይበቃል። 115 ሺህ፣ መጠነኛ ድርድር አለው።» ከሥሩ ደግሞ ይሄ ሁሉ ሰው ተሰልፎ «አሪፍ ዋጋ ነው፣ እንዳያመልጥህ» እያለ የእህቴን ልጅ ይገፋፋዋል። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። ከብስክሌት በቀር ነድቶ አያውቅም። ዋጋው አይደለም ያናደደኝ። ፍሬን የሚቀረው ሞተር ለሚችል ሰው ካልበቃ፣ ለማይችለው የሚበቃው በምን ሂሳብ ነው? መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው ሞተር የሚሸጥ በሕግ ይጠየቅ። አለቀ።

ፍጥነት ቀንስ
ማስታወቂያው የኔ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ከምትሄድ በውስጥ መስመር ብትነግረኝ ጥሩ ነበር። «ትንሽ ይቀረዋል» ብዬ የጻፍኩት ስለማልዋሽ ነው። ሌላው ደላላ አጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ «አዲስ ነው በለው» ይልሃል። እውነት ስለተናገርኩ ወንጀለኛ ሆንኩ ማለት ነው? ጀማሪ መጣሉ አይቀርም፣ መቧጨሩ አይቀርም። አዲስ ሞተር ገዝቶ በሳምንቱ ፍሬቻውን ከሚሰብር በዚህ ተለማምዶ ቢሸጠው ምን አለበት?

ዲቲ ብቻ
ለጀማሪ ያማሃ ዲቲ 125። ክርክሩ አያስፈልግም።

የአላሙራ ሰው
@ፍጥነት ቀንስ ስምህን እንዲህ ካልክ አይቀር፣ ፍጥነት የምትቀንሰው በምንድን ነው? በጫማህ?

ጋሽ ካንዴላ
ልጆች፣ ቀስ በሉ። 22 ዓመት ሞተር ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ትንሽ ይቀረዋል» ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳ። የዚያ ቦክሰር የፊት ፍሬን ከበሮ ነው። ውስጡ ሁለት ሸራ አለ፤ ከበሮውን ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመው እሱ ነው። ሸራው ሲሳሳ ባለቤቱ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ዳዶ ያጠብቃል። እንደገና ሲሳሳ እንደገና ያጠብቃል። አንድ ቀን ዳዶዋ የጥርሱ መጨረሻ ላይ ትደርስና የምትሄድበት ታጣለች። ባለፈው ሳምንት አንዱ እንዲህ ያለውን አመጣልኝ። የእጅ ፍሬኑን ጨምቄ ይዤ፣ እጀታው መሪው ላይ ተጋድሞ፣ ጎማውን በሌባ ጣቴ አዞርኩት። ስፈታው ሸራ የሚባል የለም፤ ብረት በብረት እየፋቀ ከበሮውን ቦይ ቦይ አውጥቶታል። ሸራ ርካሽ ነገር ነው፣ ተቀይሮ ለመውጣት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከበሮ ከተበላ ግን ሌላ ወጪ ነው።

እና የኔ ጥያቄ አጭር ናት። ሻጩ 115 ሺህ ብር ለሚጠይቅበት ንብረት ሸራ መቀየር ለምን ከበደው? ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ ፈቶ የባሰውን አይቶታል።

ፍጥነት ቀንስ
ጋሼ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ሳያዩት አይፍረዱ። አልፈታሁትም።

ጋሽ ካንዴላ
ሳትፈታው «ትንሽ» መሆኑን በምን አወቅህ ልጄ?

ቦሌ ሚካኤል
😂😂 ተዘጋ።
እናንተ ግን ታድላችኋል። እኛ አዲስ አበባ ሰኔ 30 ቀን 2011 ሞተር ከታገደ ወዲህ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሰው ስለ ፍሬን የመጨቃጨቅ ዕድሉም የለውም። የኔ ኤክስ ኤል ሞተር አጎቴ ጋ አዳማ በረት ውስጥ ከላም ጋር ቆማለች።

ሕግ ይከበር
ወደ ቁም ነገሩ። የአላሙራ ሰው «በሕግ ይጠየቅ» ብለሃል፤ ሻጩ እኮ አሁንም ሳያውቀው ሊጠየቅ ይችላል። እዚህ አገር ርካሽ ሞተር የሚሸጠው በምንድን ነው? በውክልና። ስም ማዞር ቀረጥ አለው፣ ምልልስ አለው ተብሎ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) በሻጩ ስም ይቀራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2081 አንብቡት፤ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፣ ያልተፈቀደለት ሰው እየነዳው የደረሰ ጉዳት ቢሆን እንኳ። ጀማሪው ነገ አቶቴ ላይ እናት ቢገጭ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ይፈለጋል። ገዢም አይድንም፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮት ይሞታል፣ ከዚያ ከወራሾች ጋር መካሰስ ነው። ስለዚህ @ፍጥነት ቀንስ፣ ሊብሬው በማን ስም ነው?

ፍጥነት ቀንስ
በውክልና ነው የያዝኩት። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው።

ሕግ ይከበር
ውክልና ለሰጠህስ ማን ነው የወከለው?

ፍጥነት ቀንስ
እሱም በውክልና።

የአላሙራ ሰው
ለመማሪያ ይበቃል። ሕግ ለመማሪያ።

ኢስት ለንደን
ሰላም ወገን። እኔ እዚህ ምግብ በሞተር ሳደርስ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚህ ጀማሪ ሲቢቲ የሚሉትን ሥልጠና ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ወረቀቱ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ከ125 ሲሲ በላይ አይነካም፣ ቀይ ኤል ከፊትና ከኋላ ይለጥፋል፣ ሰው አያፈናጥጥም፣ ሞተርዌይ አይገባም። ያገለገለውን ርካሽ ሞተር ሁላችንም ገዝተናል፤ የኔ የመጀመሪያዋ መቀመጫዋ በፕላስተር የተጣበቀ ነበር። ግን ሦስት ዓመት ያለፈው ሞተር በየዓመቱ ምርመራ ያልፋል፣ ፍሬን የሌለው አያልፍም። ችግሩ ርካሽነቱ አይደለም፣ የሚመረምር መጥፋቱ ነው።

ዲቲ ብቻ
ለንደን ላይ ሆኖ ስለ ሀዋሳ ጉድጓድ ማውራት ቀላል ነው። እኛም ቦሎ አለን ወንድሜ፣ የዓመታዊ ምርመራው ወረቀት።

ጋሽ ካንዴላ
ቦሎ አለን። ሞተሩ ሳይሄድ ቦሎው የሚመጣበት ቀንም አይተናል።

ዲቲ ብቻ
በነገራችን ላይ ጋሼ፣ ዲቲ ለጀማሪ አይሆንም የሚል ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ። ቀላል ነች፣ ከፍ ያለች ነች፣ ጭቃ አይዛትም። የግብርና ባለሙያው፣ የጤናው፣ ገጠር የዞረው ሁሉ በሷ ነው የተማረው።

ጋሽ ካንዴላ
እወዳታለሁ። ለጀማሪ ግን አልመክርም። ሁለት ስትሮክ ናት፤ ዘይቷ በራሷ ፓምፕ ነው ከቤንዚን ጋር የሚገናኘው። አሮጌዎቹ ላይ ፓምፑ ሲያስቸግር ነቅለው ይጥሉትና ዘይቱን ታንከር ውስጥ በእጅ ይበጠብጣሉ። ገዢው ይህን ካልተነገረው ንጹሕ ቤንዚን ሞልቶ ይወጣል። ፒስተኑ ደርቆ ይጣበቃል፣ የኋላ ጎማው በሩጫ ላይ ቀጥ ይላል። የሚችል ሰው ጎማውን ከሞተሩ ለማላቀቅ ቶሎ ፍሪሲዮን ይይዛል። ጀማሪ ምን ይይዛል?

ዲቲ ብቻ
እሱማ የገዢው ጥፋት ነው፣ ይጠይቅ።

ሕግ ይከበር
ደግሞ ከድርጅት የወጣች ዲቲ ከሆነች በቀረጥ ነፃ የገባች እንዳትሆን። ቀረጡ ካልተከፈለ ስም አይዞርም። በርካሽ የገዛሃት ሞተር የቀረጥ ዕዳዋ ከዋጋዋ ሊስተካከል ይችላል።

ዲቲ ብቻ
ቀንታችሁ ነው።

ጀማሪው
ስለኔ ስታወሩ እያነበብኩ ነው። አጎቴ ስለተቆጨልኝ አመሰግናለሁ፣ ግን «መንጃ ፈቃድ ለሌለው አይሸጥ» ያልከው እኔን ቤት የሚያስቀምጥ ነው። ማሠልጠኛ እየተማርኩ ነው። አንድ ሞተር ለ14 ሰው ነው። ወረፋዬ ሲደርስ ስምንት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ዞሬ እወርዳለሁ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ አላውቅም እኮ! የራሴ ከሌለኝ የት ልለማመድ? እቁብ ደርሶኝ ያለኝ 120 ሺህ ነው። የእማዬን ዕቃ ከአሮጌ ገበያ ሱቅ ለማመላለስ ለባጃጅ የምንከፍለው ያማል። ምን ልግዛ ታዲያ?

የአላሙራ ሰው
ማሙሽ፣ ከ120 ላይ 115 ለሞተር ሰጥተህ ሄልሜቱን በምን ትገዛለህ? ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱንስ? እሱ ግዴታ ነው፣ ምርጫ አይደለም። ቤንዚኑንስ? ማደያ ሰልፍ ሲሆን በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ነው የምትገዛው።

ያልተሰየመ
ለምን ኤሌክትሪክ አይገዛም? በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ታግዷል፣ ዘመኑ የባትሪ ነው።

ቦሌ ሚካኤል
ያገለገለ ኤሌክትሪክ ሞተር ማለት ያገለገለ ባትሪ ማለት ነው። ሸራ ሲያልቅ በርካሽ ትቀይራለህ፣ ባትሪ ሲያልቅ ታለቅሳለህ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እየገፋህ።

ሌሊት ተረኛ
የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። እስካሁን ዝም ያልኩት ስለ ዲቲ ስለማላውቅ ነው። ስለ ሄልሜት ግን አውቃለሁ። ሞተር ጥሏቸው የሚመጡ ልጆች ብዙዎቹ ሄልሜት አላቸው። ክንዳቸው ላይ። እንደ ፌስታል አንጠልጥለውት ነው የሚወድቁት፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሄልሜቱ ጭረት የለውም። አንዱን ስሰፋው «ሲስተር እኔ እኮ እየተማርኩ ነው» አለኝ። መንገዱ እየተማርክ መሆኑን አያውቅም የኔ ወንድም። «ለመማሪያ ይበቃል» የሚለውን ቃል ስሰማ እሱ ነው የሚመጣብኝ።

ፍጥነት ቀንስ
አሁን ደግሞ ሄልሜትም በኔ ላይ ሊላከክ ነው? እሺ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ የሀዋሳ አስፋልትም እኔ ነኝ የቆፈርኩት። ሁላችሁም የመጀመሪያ ሞተራችሁን በምን ነው የተማራችሁት? ጋሽ ካንዴላ ይናገሩ እስቲ።

ጋሽ ካንዴላ
በአጎቴ ሱዙኪ። ፍሬን አልነበራትም።

ፍጥነት ቀንስ
ይኸው!!

ጋሽ ካንዴላ
ይኸው ምን? ሞኖፖል ጋ አህያ ገጭቼ ክንዴ በሁለት ቦታ ተሰብሯል። ግራ እጄ እስከ ዛሬ ሙሉ አይዘረጋም። የአህያዋን ካሳ አባቴ ነው የከፈለው። ይሄንን ነው «በቃኝ» የምልህ?

ዲቲ ብቻ
አህያዋስ?

ጋሽ ካንዴላ
ደህና ሆነች።

ኢስት ለንደን
@ጀማሪው ስሞትልህ፣ ማንንም አትስማ፣ ስታየው ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅህ ነክተህ አረጋግጥ። ሻጭ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ የሚደብቀው ነገር አለ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካለው ዘይት እየበላ ነው።

ጋሽ ካንዴላ
ልክ ነው። ልጨምር፦ በሁለት እግሩ አቁመህ ከኋላ አንድ ሰው ይጫነው፣ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል። መሪውን ቀስ አድርገህ ግራና ቀኝ አዙር። መሀል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ቀጥሎ ከመሪው ሥር አንገቱ ጋ ያለውን ብረት እይ። ሌላው ቦታ ቀለሙ ረግፎ እዚያ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ ተበይዷል፣ ተመለስ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በጣትህ እየተከተልክ አንብብ፣ በዓይንህ ብቻ አትለፈው። ኪሎሜትሩን አትመን፤ ገመዱን መንቀል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሕግ ይከበር
እና ስም ሳይዞር ብር አይከፈልም። ውክልና አይቀበል። ይህን ሦስቴ ይጻፈው።

ፍጥነት ቀንስ
በናታችሁ፣ በዚህ መስፈርት የሚያልፍ ሞተር ሀዋሳ ውስጥ አንድ ካለ እኔ ራሴ እገዛዋለሁ። በ120 ሺህ የሁሉም ነገር ሙሉ ይገኛል ብላችሁ ልጁን አታሳስቱት። ወይ ዋጋ ነው ወይ ጥራት ነው።

የአላሙራ ሰው
ማንም ጥራት አላለህም። ፍሬን ነው ያልንህ። ወንበሩ ይቀደድ፣ ፓራፋንጎው ይሰንጠቅ፣ ፍሬቻው ይርገብ፣ ለመማሪያ ይበቃል በለው፣ እኔም አብሬህ እላለሁ። አንተ ግን ከሁሉ መርጠህ የቀነስከው ማቆሚያውን ነው።

ፍጥነት ቀንስ
የኋላው ይሠራል።

የአላሙራ ሰው
ነዳኸው?

ፍጥነት ቀንስ
በየቀኑ እነዳዋለሁ፣ ከሐረር ሰፈር እስከ ጥቁር ውሃ።

የአላሙራ ሰው
ያ ሜዳ ነው። ቁልቁለት አምጣልኝ።

ቦሌ ሚካኤል
ከታቦር ተራራ አናት ይልቀቀውና ሐይቁ ጋ እንጠብቀው። ካቆመ እኔ ነኝ የምገዛው፣ ካላቆመ ዓሣ ይበላዋል።

ጀማሪው
ሸራው ተቀይሮ፣ ጋሽ ካንዴላ አይተውት፣ 105 ሺህ ብትለኝስ?

ፍጥነት ቀንስ
110። ሸራ ካንተ።

የአላሙራ ሰው
ማሙሽ ስልክህን አንሳ። እየደወልኩ ነው።

ዲቲ ብቻ
በ110 እኔ ዲቲ አገኝልሃለሁ። ፓምፑም አለ።

ሕግ ይከበር
ሊብሬው በማን ስም ነው?

ዲቲ ብቻ
ተጀመረ ደግሞ።

ጋሽ ካንዴላ
ነገ ከሦስት ሰዓት በኋላ ጋራዥ አለሁ። የፊት ጎማውን በነፃ እፈታለሁ። ሸራው የጎደለው እውነትም ትንሽ ከሆነ ሁላችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። @ፍጥነት ቀንስ ታመጣዋለህ?

ሌሊት ተረኛ
አይቶታል። ሁለት ሰማያዊ ምልክት ወጥቷል።

ቦሌ ሚካኤል
አይቶታል ግን አልመለሰም።

ዲቲ ብቻ
ምናልባት እየነዳ ይሆናል፣ ማቆም አልቻለም።